የውሃ ልክ ደብተር

የእጅ ሥራ መምህራችንን «ውሃ ልክ» ነበር የምንላቸው። ስማቸውን የሚያስታውስ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በካኪ ጋዋናቸው የደረት ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ውሃ ልክ ሁልጊዜ ብቅ ብላ ትታያለች፤ ያቺ ብርጭቆዋ ውስጥ አረፋ የምታንሳፍፈው፣ ግንበኛና አናጺ የሠራው ነገር መዝመም አለመዝመሙን የሚያይባት መሣሪያ። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ እሷን አውጥተው ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጧታል። ጠረጴዛው የትናንቱ ጠረጴዛ ነው፤ ማንም አልነካውም። «ሌሊት ምን ሲሠራ እንዳደረ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው አይስቁም።

ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሙያ ይማር ነበር። እኔ የፈለግኩት ልብስ ስፌት ነው። ቦታው ሞላና እንጨት ሥራ ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ቀን እያለቀስኩ ገባሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከዚያ ክፍል በግድም የሚያወጣኝ አልነበረም። ሰጋቱራው ከእግር ሥር እንደ ምንጣፍ ይለሰልሳል። ሙጫው በጣሳ ሲሞቅ ይሸታል። መላጊያው ጥሩ እንጨት ላይ ሲሄድ ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል፤ ከአፉ የሚወጣው ቅራፊ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ሲወድቅ ሴቶቹ እያነሣን ፀጉራችን ላይ እንሰካው ነበር።

ከሁላችንም የሚበልጠው አንድ «ሞርሳ» የምንለው ልጅ ነበር፤ እንጨት ጨምድዶ ከሚይዘው ብረት ስሙን የወሰደ፣ አንዴ የያዘውን የማይለቅ። በሌላው ትምህርት የክፍሉ ጭራ ነው። ሁለት እንጨት ሲያጋጥም ግን መገናኛው በጥፍርም አይገኝም። መምህሩ የእሱን ሥራ ሲያዩ ቃል አይተነፍሱም፤ ውሃ ልካቸውን ወደ ኪሳቸው መመለስ ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ምስጋና አያውቁም ነበር።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ረጅም ሣንቃ አመጡና አስላጉን። ነጭ ቀለም ቀባነው። ከታች እስከ ላይ በየሳንቲ ሜትሩ ጥቁር መስመር አሰመሩን፣ ቁጥር አስጻፉን። ከዚያ አሥር ሆነን በትከሻችን ተሸክመን ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወሰድነው። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ «ማንን ልትቀብሩ ነው?» እያለ ቀለደብን። ከድንጋዩ ምሰሶ ጋር በምስማር አያይዘው ካቆሙት በኋላ መምህሩ እንዲህ አሉን።

«የምትሠሩት ቤት ነው እንበል። መሠረቱን የት ላይ ታቆማላችሁ? መሬቱን አይታችሁ። መሬቱ የባሕር ዳር ከሆነስ? ባሕሩን አይታችሁ። ባሕሩ ደግሞ ሲጠይቁት አይናገርም። እየለኩ ማስነገር ነው።»

በአጠገባቸው ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ነበር። ወደቡን የሠሩት ሰዎች ከአርባ ዓመት በፊት የሙላቱን ልክ በመሮ ቀርጸውበታል። መምህሩ ሊያውቁ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ባሕሩ ሲሞላ ከዚያ ቅርጽ ላይ ይቆማል ወይስ ያልፈዋል?

ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ቤትሽ ቅርብ ነው፤ ጽሕፈትሽም ይነበባል። የቀኑን ሙላት ሰዓት ወደቡ ሰሌዳ ላይ ታያለሽ፤ ትሄጃለሽ፤ አይተሽ ትጽፊያለሽ። በየቀኑ። ያላየሽውን ቀን ባዶ ተዪው። ባዶ ነውር የለበትም።»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ሌሎቹ ዱካ እየሠሩ፣ ሞርሳ ቁም ሣጥን ጀምሮ፣ እኔ ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። ሴት ስለሆንኩ መጋዝ አልታመንኩም ብዬ አኮረፍኩ፤ አፍሬም ደብተሩ እኔ ጋር መሆኑን ለቤት ሰው አልነገርኩም። መምህሩ ከሠላሳ ተማሪ መካከል ለማን እንደሚሰጡት አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስቡ እንደከረሙ የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ቤታችን ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። አባቴ የግንበኞች ፎርማን ነው፤ ስንቱን ቤት አቁሞ እኛን በኪራይ የሚያኖረን። እናቴ፣ ሁለት ታናናሾቼና እኔ በአንድ መጋረጃ ተከፍለን እንተኛለን። ቀን ሙሉ የብየዳው ብልጭታ በመስኮታችን ይገባል።

በዚያ ዓመት ከባሕሩ ዳር ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ አርባ ቤት ሊሠራ ታቀደ። ሥራውን የሚመራው አባቴ፣ ቤቱ ከሚታደላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ደግሞ ሠላሳ አራተኛው እሱ። እናቴ ገና ላልተቆፈረው ቤት መስኮት አረንጓዴና ቢጫ መጋረጃ ገዝታ አጣጥፋ አስቀምጣለች፤ አልፎ አልፎ ታወጣውና በእጇ ትዳስሰዋለች።

አንድ ቀን የእናቴ ወንድም እራት ላይ መጣ። አጎቴ የወደቡ ዘበኞች አለቃ ነው። ወሬ ይዞ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ነው የሚቀመጠው።

«ሰማችሁ? ያ ሰውዬ መጋዝና መዶሻውን ትቶ የባሕር ሊቅ ሆኗል» አለ። «መሠረቱ በአራት ብሎኬት ከፍ ካላለ ቤቱን ውሃ ይገባዋል ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ጽፏል።»

«አራት ብሎኬት?» አለ አባቴ።

«አራት። ለዚያ ሁሉ የሚበቃ ሲሚንቶ የለም፤ አርባው ሠላሳ ይሆናል ማለት ነው።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኛ ሠላሳ አራተኛ ነን» አለች በቀስታ።

«ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል» አለ አባቴ። «አባቴ እዚህ ዳር ተወልዶ እዚሁ ዳር ሞተ። ከፍ አለ ሲል አልሰማሁም። ደግሞስ ውሃው ነው የወጣው መሬቱ ነው የወረደው? ማን ያውቃል?»

«ዱላውን ራሱ ተከለ፣ ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይፈርዳል» አለ አጎቴ። «እንደፈለገ ቢያስረዝመው ቢያሳጥረውስ ማን ያየዋል?»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አጎቴ ነገር ማሳመር የሚወድ ሰው መሆኑን አላውቅም። የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ያዝኩት፤ መምህሩ ዱላውን ያስረዝማሉ፣ ያሳጥራሉ፤ ከዚያም ቤታችንን ይወስዳሉ። የዱላው ደብተር ደግሞ ከእኔ ትራስ ሥር ነው። ቤታችንን የሚወስደውን ነገር በየቀኑ በገዛ እጄ ስጽፍ የኖርኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ያየኋቸው።

ቀትር ላይ ነበር። ሙላቱን ለማንበብ ስደርስ መምህሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ደረጃው ላይ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። በመዶሻው ሹካ ምስማሩን ነቀሉ። ነጩን ሣንቃ በሁለት እጃቸው ይዘው ዝቅ አደረጉት፤ አራት ጣት ይሆናል። ምስማር ከአፋቸው እያወጡ መልሰው መቱት። ከዚያ ቀና ብለው ግራና ቀኝ አዩ። እኔ ከተቆለለው የዓሣ መረብ ጀርባ ቁጢጥ አልኩ። መረቡ ይሸታል። ሣንቃው ዝቅ ሲል ውሃው ከፍ ያለ እንደሚመስል ለመረዳት የእጅ ሥራ ተማሪ መሆን እንኳን አያስፈልግም። ሌባ ሲሰርቅ ያየሁ ያህል ሆንኩ።

ዛሬ የማውቀው ይህ ነው። አንድ ጀልባ የሚያስር ሰው ገመዱን ሣንቃው ላይ ጠምጥሞ ሄደ። ውሃው ሲሞላ ጀልባው ተነሣ፤ ሣንቃውንም ከነምስማሩ ይዞት ተነሣ። መምህሩ ወደ ቦታው መመለሳቸው ነበር፤ ልኩንም ከድንጋዩ ቅርጽ ወስደዋል። ይህንኑ በማግስቱ ደብተሩን ከእኔ ተቀብለው በመጨረሻው ገጽ ላይ ከነቀኑና ከነፊርማቸው ጽፈውታል። እኔ ያንን ገጽ ገልጬው አላውቅም። ግራና ቀኝ ያዩት ደግሞ እኔን ሲፈልጉ ነው። የምትመሰክር ልጅ ፈልገው ነበር።

ማታ አባቴ እግሩን ሲታጠብ ነገርኩት።

«በደንብ አይተሽ ነው?» አለኝ።

«በዓይኔ በብረቱ።»

ደስ ያለው አልመሰለኝም። አንድ ባለሙያ ሌላ ባለሙያ አጭበረበረ ሲባል ሲሰማ የሚያፍር ሰው ነበር አባቴ። «ለማንም አትንገሪ» አለኝ። ለአጎቴ ግን ራሱ ነገረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ በዓይኔ ቀለለ። እሳቸው የሚያጭበረብሩ ከሆነ እኔ ስለ ምን እቃጠላለሁ? በዚያው ሰሞን ለአጎቴ ልጅ ብስክሌት ተገዛላት፤ ቀይ፣ ደወል ያለው። ረቡዕ መንዳት ልታስተምረኝ ጀመረች። ረቡዕ ወደቅኩ፣ ሐሙስ ወደቅኩ፣ ዓርብ ከመጋዘኑ ጥግ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ማንም ሳይዘኝ ሄድኩ። እስከዛሬ ከልጅነቴ በጣም ደስ ያለኝ ቀን ያ ዓርብ ነው። ያንን ቀን ማስታወስ ስለምወድ ነው ይበልጥ የምጠላው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ የተላጠ ጉልበቴን እየነፋሁ፣ የሦስቱን ቀን ቁጥር ጻፍኩ። ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ። ሁለት ሜትር ከአሥራ ሦስት። ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ ከፍ አደረግኩት፤ እንዲያምር። ቆንጆ ጽሕፈት ነበረኝ።

ማዘጋጃ ቤቱ በመሠረቱ ጉዳይ የጠራው ስብሰባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሆነ። የዝርዝሩ ሰዎች ሁሉ ከነልጆቻቸው መጡ። ወንበር አልበቃም፤ ሞርሳና ጓደኞቹ ከእንጨት ሥራ ክፍል ራሳቸው የሠሯቸውን ዱካዎች እያመላለሱ ሰውን አስቀመጡ። እኔ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። አባቴ ከፊት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ አጠገብ።

መምህሩ ጋዋናቸውን አውልቀው ኮት ለብሰዋል፤ ሌላ ሰው መስለዋል። ቁጥሩን ሁሉ ከደብተሬ በትልቅ ወረቀት ላይ በራሳቸው እጅ ገልብጠው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። ደብተሩ በቦርሳቸው ውስጥ፣ ቦርሳው ጭናቸው ላይ ነው።

«ቤቱ አይሠራ አላልኩም» አሉ። «እኔ ሰው ቤት እንዳያገኝ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። የዛሬው ሙላት ከዱሮው ቅርጽ በአንድ ስንዝር አልፏል። ውሃው ይውጣ መሬቱ ይውረድ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም። ግን በሩ ላይ ለቆመ ሰው ልዩነት የለውም። አራት ብሎኬት ጨምሩ። ሲሚንቶው ካነሰ ዘንድሮ ሠላሳ፣ ለከርሞ አሥር ይሠራ። ለአሥሩ ቤት የሚሆነውን በርና መስኮት እኔና ልጆቹ በነፃ እንሠራለን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከርሞ ማለት ለዝርዝሩ ሰው መቼም አይሆንም ማለት ነው። ከኋላ አንዱ «የከርሞ ሰው ይበለን» ብሎ አሳቀ።

አጎቴ ተነሣ። ኮቱን ቆልፎ ነበር።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሣንቃውን ነቅለው ዝቅ አድርገው ሲመቱት ታይተዋል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ጀልባ ነቅሎት ነበር፤ ወደ ቦታው መለስኩት።»

«ጀልባ» አለ አጎቴ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «እሺ፣ ይሁን። እኔ ባሕር አላውቅም፤ በር ነው የማውቀው። የጀልባ ማቆሚያውን በር የምዘጋውም የምከፍተውም እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከረቡዕ እስከ ዓርብ የበሰበሰው ጣውላ ሲቀየር በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። እዚህ ወረቀትዎ ላይ ግን ረቡዕም አለ፣ ሐሙስም አለ፣ ዓርብም አለ። ማን ነው ያነበበው? ዓሣው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በሩ መዘጋቱን አላወቅኩም፤ አልሄድኩማ። እናቴ እጄን እንደያዘች ነበረች።

መምህሩ ወደ ወረቀቱ ዞረው ሦስቱን ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን መልሰው አዳራሹን በዓይናቸው ቃኙ፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደ ተቆጣ ሰው አላዩኝም። አንድን እንጨት ሲያዩ፣ ስንጥቁ የት ጋር እንደሚጀምር ሲፈልጉ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ቦርሳቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የሦስቱን ቀን እኔ ነኝ ሳላይ የጻፍኩት።»

ሳቁ ቆመ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ሦስቱን የፈጠረ ሰው ሌላውን ላለመፍጠሩ ምን ማስረጃ አለን?» አለ አጎቴ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ምንም የላችሁም» አሉና ተቀመጡ።

እኔስ ምን ተሰማኝ? እውነቱን መናገር ካለብኝ እፎይታ ነው የተሰማኝ። ያዳኑኝ መሆኑ ጨርሶ አልገባኝም። ከመረቡ ጀርባ ሆኜ ስላየኋቸው፣ በዚያ ልጅ ጭንቅላቴ፣ ሰውዬው ውሸታቸው ብዛቱ ጠፍቷቸው የኔንም እንደራሳቸው ቆጥረው ያመኑ መሰለኝ። ሲመለከቱኝም «አንቺም እንደ እኔ ነሽ» የሚሉኝ መስሎኝ ጠላኋቸው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከእናቴ ጋር ወጣሁ። እናቴ በመንገድ ላይ የመጋረጃዋን ነገር እያወራች፣ እኔም «አረንጓዴው ይሻላል» እያልኩ።

ሦስት ቀን ከሁለት መቶ ምናምን ቀን ምንም አልነበረም። ሦስቱ ቢሰረዙ ልኩ በፀጉር ያህል እንኳ አይለወጥም። አንድ ልጅ ተነሥታ «የኔ ናቸው፤ ሰርዟቸው» ብትል ኖሮ የቀረው ሁሉ እንደቆመ ይቆም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የእንጨት ሥራ ክፍል ተቆለፈ። ተማሪ ውሸት የሚያስተምር መምህር አያስፈልግም ተባለ፤ ሌላ ሰው ይመጣል ተባለ፤ ማንም አልመጣም። ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ። ሞርሳ ለጥቂት ቀን የእጅ ሥራ ሰዓት ሲደርስ የተቆለፈው በር ላይ እየሄደ ይቆም ነበር። ከዚያ ትምህርቱንም ተወ። የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከመኪና ላይ ስኳር ሲያወርድ ነው። ማንም ቤት እንዲሠራለት የሚመኘውን እጅ ይዞ።

አርባው ቤት ተሠራ፤ ዝቅ ብሎ። አባቴ በሥራው አልዋሸም፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው የማያፈስ። እናቴ አረንጓዴውን መጋረጃ ሰቀለች። ስምንት ዓመት በደስታ ኖርን፤ ይህንንም መካድ አልችልም። ታናናሾቼ የራሳቸው ክፍል ኖሯቸው አደጉ።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ ውሃ ነካ። ጣት ያህል ነው፤ እስከ ቀትር ወጣ። «ሙላቱ በዛ» ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አራት ጊዜ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይላሉ፤ እኛንም እያሳሳቀ ነው የገባን። ጨው ግድግዳው ላይ ወጥቶ ቀለሙን እንደ ቅርፊት ላጠው። ከመጨረሻው ረድፍ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ለታናናሾቼ ብስኩት የምትሰጥ። ወለሏ ላይ በቀረው ውሃ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ አልጋ አልተነሣችም። ለቅሶዋ ላይ ሰዎች ስለ ባሕሩ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ስለ ዕድል ሲያወሩ እኔ ሻይ አድል ነበር። አንዲት ሴትዮ «ስኳሩን ረሳሽው» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

አባቴ በዓመት በዓመቱ ወለሉን ከፍ ያደርጋል። ወለሉ ከፍ ሲል በሩ ያጥራል። አሁን የገዛ ቤቱ ሲገባ ያጎነብሳል።

እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆንኩ። ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ቁጥሩን አይቼ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ ውሻ ያለበት ቤት ሲያጋጥማቸው ያለፈውን ወር አይተው በግምት ይሞላሉ። እኔ አልሞላም። «ግትር» ይሉኛል። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ወደ ጎረቤት ከተማ ተዛወርኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ሽማግሌ ጋዋን አልለበሱም፤ ፀጉራቸውም ሸብቷል። ግቢው ውስጥ ግን ሰጋቱራ ነበር፤ ግማሽ የተላገ የሕፃን አልጋም ቆሟል። እኔ ወዲያው አወቅኳቸው። እሳቸው ያወቁኝ አልመሰለኝም። ቆጣሪው ያለበትን አሳዩኝ። ተንበርክኬ ክዳኑን ከፈትኩ፣ አየሁ፣ ጻፍኩ። ስነሣ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ዛሬስ አይተሽ ጻፍሽው?» አሉኝ።

በፈገግታ ነው ያሉት፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ።

ዱካ አምጥተው አስቀመጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብስክሌቱን፣ መረቡን፣ ለአባቴ የተናገርኩትን። የጀልባውን ገመድ፣ ግራና ቀኝ ማየታቸውን፣ የመጨረሻውን ገጽ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ጨርሼ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺን ያን ቀን ነው ይቅር ያልኩሽ» አሉ። «የኔ ነገር ሌላ ነው።» የሕፃኑን አልጋ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቀጠሉ። «ደብተሩን ከቦርሳዬ ባወጣው ጽሕፈትሽን አባትሽ ያውቀዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጅ አይዋረድም ብዬ አሰብኩ። ደግ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። ቤቴ ስገባም ኮርቼ ነበር። በኋላ አንዲት ሴትዮ ወለሏ ላይ ወድቃ ሞተች ሲሉኝ ነው የነቃሁት። እውነቱን ብናገር አንድ ሳምንት ታለቅሺ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ወር። አርባ ቤት ሰው በአንድ ልጅ ለቅሶ ለወጥኩ። አንቺ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። እኔ አርባ ስድስት።»

ሸክሜን ላወርድ ሄጄ ነበር፤ የኔን ሸክም ከሴትዮዋ ሞት ጀምሮ እሳቸውም ተሸክመውት አገኘሁ፤ ግማሹን ሳይሆን ሁሉንም።

እሑድ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ተንበርክኮ የኋላውን ክፍል ወለል ሲያለስን አገኘሁት። ቁጭ ብዬ እንደ ልጅነቴ ነገርኩት፤ ይህን ጊዜ እውነቱን። እጁ ቆመ። ማለስለሻውን ከሲሚንቶው ላይ አነሣ።

«ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቤቱን ፈልጌ ነበራ። ጀልባ ሣንቃ እንደሚነቅል እኔ አጥቼው ነው? በሕይወቴ ስንት ችካል በገመድ ሲነቀል አይቻለሁ። መምህሩ ሲናገሩ እውነት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። አንገቴን የደፋሁት ለዚያ ነው።»

ሊያቀልልኝ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሹ እውነትም ይሆናል። ባያምነኝ ጥፋቱ የእሱ ይሆን ነበር፤ አለመናገሬ ግን የእኔ ነው፤ ማንም አይጋራኝም።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ደወለችልኝ። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የመምህሩን ሰፈር ከእኔ የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄዷል። ደውዬ «ቆይ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት።

«አይሆንም» አለኝ። «ያንቺን አንቺ ብለሻል። የኔን እኔ ልበል።»

ማታ እንደገና ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው እናቴ ነች። ሳይመሽ ተመልሷል፣ እጁን ታጥቧል፣ ራት በልቷል አለችኝ። ምን እንደተባባሉ አልነገራትም። እየበላ ሳለ ግን አንዴ ቀና ብሎ፣ ሰውዬው አሁንም በእጃቸው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠሩ፣ ያ የሕፃን አልጋ መገናኛው በጥፍር እንኳ እንደማይገኝ ነግሯት መብላቱን ቀጠለ።